ጥርስ ያልነበረው የጥርስ ሕመም

ሦስት ጥርስ ተነቅሎ ያልተሻለ ሕመም፣ ለመሳም የምትፈራ አያትና ስሙን ለማግኘት ሦስት ዓመት የፈጀ በሽታ። ስለ ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ እያንዳንዱ ቤተሰብ ቢያውቀው የሚበጅ ታሪክ።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ነበር። ያኔ አምስት ዓመት የሞላው ልጄ በወረቀት ላይ የሳለውን አበባ ይዞ ወደ አያቱ ሮጠ። አንገቷ ላይ ተጠመጠመና ቀኝ ጉንጯን ሳማት። እናቴ ጮኸች። ከዚያ በሁለት እጇ ገፋችው።

ልጁ ምንጣፉ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ፤ ሥዕሉም ከእጁ ወደቀ። ቤት ሙሉ እንግዳ ጸጥ አለ። እናቴ መዳፏን ፊቷ አጠገብ ይዛ፣ ፊቷን ግን ሳትነካው፣ ዓይኗን ጨፍና ቀረች። ግማሽ ደቂቃ እንኳ የሞላ አይመስለኝም። ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያየችው የልጅ ልጇን ነበር፤ አለቀሰች።

ማታ ሳስተኛው “እማማ አትወደኝም እንዴ?” አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እናቴን ምን እንደነካት ያኔ እኔም አላውቅም ነበርና።

“ብርድ ነው”፣ “ምች ነው”፣ “ጥርስ ነው”

ሕመሙ የጀመራት በ58 ዓመቷ፣ አንድ ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ ነው። ቀዝቃዛው ውኃ ቀኝ ጉንጯን ሲነካ ከጆሮዋ ሥር እስከ አገጯ የሆነ ነገር ነዘራት። “ኤሌክትሪክ የያዘኝ መሰለኝ” አለችን። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ጠፋ። በማግሥቱ ግን ተመለሰ፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ አምስት ስድስት ጊዜ ያህል መጣባት።

ጎረቤት ሁሉ የየራሱን መላ አመጣ። አንዷ “ብርድ መትቷት ነው” አሉ። ሌላዋ “ምች ነው” ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አመጡ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሕመሙ ጠፋና ዳማከሴው ተመሰገነ። ከሦስት ወር በኋላ እንጀራ ስትጎርስ እንደገና ያዛት። በዚህ ጊዜ የሚያማት ከታችኛው መንጋጋ ጥርሶቿ አካባቢ ስለነበር ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። አንድ መንጋጋ ጥርስ ተነቀለ። ሁለት ወር ሙሉ ሰላም ሆነች። ሐኪሙን መረቅነው። ሲመለስባት ቀጥሎ ያለው ጥርስ ተነቀለ፤ ቀጥሎም ሦስተኛው።

እናቴ አማኝ ናት፤ ጸበልም ሄዳለች። ውኃው ፊቷ ላይ ሲፈስ ከሕመሙ የተነሣ ጮኸች። አጠገቧ የነበሩ ሰዎች ጩኸቷን በሌላ ተረጎሙት። ምን እንዳሉ አልነገረችኝም፤ ቤት ገብታ ግን ለሁለት ቀን ከአልጋዋ አልወረደችም።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ እኛ ልጆቿ የነበርንበት ሁኔታ ነው። ፊቷ አያብጥም፣ አይቀላም፣ አይቆስልም። አንዴ ስትጮህ አይተናት ከደቂቃ በኋላ ደህና ሆና እናገኛታለን። ወንድሜ አንድ ቀን “እማዬ፣ ትንሽ አላበዛሽውም?” አላት። እኔም በአፌ አልተናገርኩትም እንጂ በልቤ ብዬዋለሁ።

ሰላምታን የሚቀማ በሽታ

ይህ ሕመም የሚቀሰቀሰው በከባድ ነገር ሳይሆን በቀላል ነገር ነው፤ በነፋስ፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ በማኘክ፣ በመናገር፣ በመሳቅ፣ ጥርስ በመፋቅ፣ ፊትን በነጠላ ጫፍ በመንካት። በእኛ አገር የአንድ ትልቅ ሰው ቀን ደግሞ በእነዚህ የተሞላ ነው። ሰላምታችን ጉንጭ ለጉንጭ ነው፤ ያውም ሦስትና አራት ጊዜ። ፍቅራችን ጉርሻ ነው። ለቅሶ ቤት የደረሰ ሰው ሐዘንተኛውን ሳያቅፍና ሳይስም አይቀመጥም።

እናቴ ለቅሶ ቤት መሄድ አቆመች። ሠርግም ቀረች። የማኅበር ወዳጆቿ “ኮራችብን” ማለት ጀመሩ። ቡና ሲፈላ ትቀመጣለች እንጂ አታወራም፤ ስታወራም ከንፈሯን ሳትከፍት፣ እንደሚያንሾካሽክ ሰው ነው። ምግብ በግራ ጎኗ ብቻ እያላመጠች፣ በኋላም አጥሚትና ሾርባ ብቻ እየጠጣች፣ ቀሚሶቿ ሁሉ ሰፏት።

ታክሲ ውስጥ “መስኮቱን ዝጉልኝ” የሚል ተሳፋሪ ሁላችንም እናውቃለን፤ እናሾፍበታለንም። እናቴ በክረምት ሳይሆን በሚያዝያ ሙቀት ፊቷን በሻርፕ ጠቅልላ መስኮት ስታዘጋ ሰው ይስቅባት ነበር። ለእሷ ግን ያ ነፋስ ቢላዋ ነበር።

ጥርስ ለመንቀል እምቢ ያለች ሐኪም

ከዚያ እንቁጣጣሽ በኋላ እናቴ ራሷ “አራተኛውንም ይንቀሉልኝ፣ ከፈለጉ ሁሉንም” አለች። ሌላ ክሊኒክ ወሰድኳት። ወጣቷ የጥርስ ሐኪም ራጅ አነሣች፣ አየች፣ አንኳኳች። ከዚያ መሣሪያውን አስቀምጣ “እናቴ፣ ይህ ጥርስ ጤነኛ ነው። አልነቅልዎትም። የነርቭ ሐኪም ይዩዎት” አለቻት። የዚያን ቀን ተናድደን ወጣን። ዛሬ ግን ያቺን ልጅ ሳናመሰግን የምናልፍበት በዓል የለም።

የነርቭ ሐኪሙ ብዙ መሣሪያ አልተጠቀሙም፤ ብዙ ጠየቁ። ሕመሙ ስንት ጊዜ ይቆያል? እንደ ምን ያለ ነው? በአንድ ጎን ብቻ ነው ወይስ በሁለቱም? ምን ሲነካዎት ይመጣል? እናቴ አንድ በአንድ መለሰች። በጥንቃቄ ፊቷን በጥጥ ነካ ነካ አድርገው መረመሯትና “በሽታዎ ስም አለው” አሏት። እናቴ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሕመም ባልሆነ ምክንያት ስታለቅስ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ ምንድን ነው?

ከአንጎላችን በቀጥታ የሚወጡ 12 ጥንድ ነርቮች አሉ። አምስተኛው ትራይጀሚናል ይባላል። በግራና በቀኝ አንዳንድ ሆኖ የፊታችንን ስሜት ወደ አንጎል ያደርሳል። እያንዳንዱ ሦስት ቅርንጫፍ አለው፤ የመጀመሪያው ለግንባርና ለዓይን አካባቢ፣ ሁለተኛው ለጉንጭ፣ ለላይኛው ከንፈርና ለላይኛው ጥርስ፣ ሦስተኛው ለታችኛው መንጋጋ፣ ለታችኛው ጥርስና ለአገጭ። ጥርስና ጉንጭ በአንድ ነርቭ ስለሚያገለግሉ ነው የነርቭ ሕመም የጥርስ መስሎ የሚያታልለው።

የኤሌክትሪክ ገመድ በፕላስቲክ እንደሚሸፈን ሁሉ ነርቮቻችንም ማይሊን የሚባል ሽፋን አላቸው። በአብዛኞቹ ታማሚዎች ላይ አንድ የደም ሥር ነርቩ ከአንጎል ግንድ በሚነሣበት ቦታ ተጠግቶት በእያንዳንዱ የልብ ምት ይገፋዋል። ውሎ አድሮ ሽፋኑ ይላላል። ሽፋኑ የላላ ገመድ ኮንታክት እንደሚፈጥር፣ ነርቩም ቀላል ንክኪን ወደ ከባድ ሕመም ለውጦ ያስተላልፋል። በጥቂቶች ላይ መንስኤው መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለው የነርቭ በሽታ ወይም ነርቩን የሚጫን ዕጢ ሊሆን ይችላል። ኤም.አር.አይ የሚታዘዘው በዋናነት እነዚህን ለማጣራት ነው።

በሽታው ብዙ ጊዜ የሚታየው ከ50 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ነው፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል፤ ከግራም ቀኝ ጎን ይበዛል። በዓለም ላይ የተደረጉ ጥናቶች በየዓመቱ ከ100,000 ሰዎች ከ4 እስከ 13 የሚሆኑት አዲስ እንደሚያዙ ያሳያሉ። ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን በአንድ ትልቅ ከተማ በየዓመቱ መቶዎችን ማለት ነው።

በሽታው አዲስም አይደለም። ፈረንሳዊው ኒኮላ አንድሬ በ1756፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ፎዘርጊል ደግሞ በ1773 እ.ኤ.አ. ምልክቶቹን ዛሬም በምናውቃቸው መልክ ጽፈዋቸዋል።

እንዴት ይለያል?

የትራይጀሚናል ኒውራልጂያ ዋና መለያዎች እነዚህ ናቸው፦

• እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ወይም እንደ ቢላዋ የሚወጋ ድንገተኛ ሕመም ነው።
• ከሰከንዶች እስከ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ይጠፋል፤ በቀን ብዙ ጊዜ ሊመላለስ ይችላል።
• ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በአንድ የፊት ጎን ብቻ ነው።
• ሕመም ሊያመጣ በማይገባው ነገር፣ በነፋስ፣ በንክኪ ወይም በማኘክ ይቀሰቀሳል።
• ለሳምንታት ወይም ለወራት ጠፍቶ ሊመለስ ይችላል።

የጥርስ ሕመም ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳያቋርጥ ለሰዓታት ይጠዘጥዛል፣ ድድ ሊያብጥ ይችላል፣ ሌሊትም እንቅልፍ ይነሣል። ሳይነስ በአፍንጫ መታፈንና ጎንበስ ሲሉ በሚጨምር ክብደት ይታወቃል። አልማዝ ባለጭራ ፊት ላይ ወጥቶ ከዳነ በኋላም የሚያቃጥል ሕመም ጥሎ ሊሄድ ይችላል። የፊት መጣመም ደግሞ የሌላ ነርቭ፣ የሰባተኛው፣ ችግር ነው፤ ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ አፍን አያጣምምም።

ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ መቅረብ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ፊት ከደነዘዘ፣ አፍ ከተጣመመ፣ መስማት ከቀነሰ፣ ሕመሙ በሁለቱም ጎን ከሆነ፣ ወይም የታመመው ሰው ገና ወጣት ከሆነ ሌላ መንስኤ መኖሩ መጣራት አለበት። ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሰሞኑን የጀመረው የጆሮ ግንድ ሕመም ካለው፣ ፀጉሩን ሲያበጥር የራስ ቆዳው ከታመመ፣ ሲያኝክ መንጋጋው ከዛለ ወይም ዓይኑ ከደበዘዘ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው፤ ይህ የደም ሥር ብግነት ሊሆን ይችላል፣ ካልታከመም ዓይን ያጠፋል።

ያታለለን ፈውስ

ለምን ሦስት ዓመት ፈጀብን? አንዱ መልስ በሽታው ራሱ መምጣትና መሄድ ልማዱ መሆኑ ነው። ጠፍቶ በሚቆይበት ጊዜ ከዚያ በፊት የተደረገው ነገር ሁሉ መድኃኒት ይመስላል። ለእኛ መጀመሪያ ዳማከሴው፣ ቀጥሎ የመጀመሪያው ጥርስ፣ ከዚያም ሁለተኛው “ሠርቷል”። እያንዳንዱ የውሸት ፈውስ ወደ ትክክለኛው በር የምንሄድበትን ቀን አራቀው። ጥርስ ተነቅሎ ሕመሙ ከተመለሰ፣ መጠየቅ ያለበት “ቀጥሎ የቱ ይነቀል?” ሳይሆን “ቀድሞስ ጥርስ ነበር ወይ?” የሚለው ነው።

ፍራሽ ሥር የተደበቀው ካርቶን

ፓራሲታሞል፣ ዳይክሎፌናክና ሌሎች የተለመዱ ማስታገሻዎች ለዚህ ሕመም እምብዛም አይረዱም። በዓለም ዙሪያ በመጀመሪያ የሚታዘዘው ካርባማዜፒን ነው። በመጀመሪያ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሲሆን፣ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚህ ሕመም ያገለግላል። ከመጠን በላይ የሚተኩሰውን ነርቭ ያረጋጋል። አብዛኞቹ ታማሚዎች፣ ቢያንስ በመጀመሪያው ጊዜ፣ ግልጽ ለውጥ ያያሉ።

እናቴ በአራተኛው ቀን እንጀራ በላች። በሁለተኛው ሳምንት ግን ካርቶኑን ፍራሽ ሥር ደብቃው አገኘሁ። ከውስጡ ያለውን ወረቀት ጎረቤት አንብቦላት ነበር። “ሰው የሚጥል በሽታ አለባት ይለኛል” አለችኝ። መድኃኒቱን መዋጥ አቁማ፣ ሕመሙ ተመልሶባትም ዝም ብላለች። ሐኪሙን ደውለን አነጋገርናቸው። “እማማ፣ አንድ ቁልፍ ሁለት በር ይከፍታል” አሏት፤ ጨምረውም የሚጥል በሽታም ቢሆን እንደማንኛውም የአንጎል ሕመም እንጂ የሚያሳፍር አለመሆኑን ነገሯት።

መድኃኒቱ በትንሽ መጠን ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል። እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ራስ ማዞርና መንገዳገድ ሊያመጣ ስለሚችል አዛውንቶች እንዳይወድቁ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ሊቀንስ፣ የደም ሴሎችንና ጉበትን ሊነካ ስለሚችል የደም ምርመራ ይታዘዛል። ቆዳ ላይ ሽፍታ ከወጣ በዚያው ቀን ለሐኪም መንገር ግድ ነው። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልን፣ አንዳንድ የኤች.አይ.ቪ መድኃኒቶችንና ሌሎችንም አቅም ያሳጣል፤ ለእርግዝናም አደጋ አለው። ስለዚህ የሚወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ በራስዎ ውሳኔም በድንገት አያቋርጡ። ካርባማዜፒን ያልተስማማው ሰው ኦክስካርባዜፒን ወይም ሌላ አማራጭ ሊታዘዝለት ይችላል።

መድኃኒት ሲያቅት

መድኃኒቱ መሥራቱን ሲያቆም ወይም ጎጂነቱ ሲበልጥ ቀዶ ሕክምና አለ። አሜሪካዊው ፒተር ጃኔታ በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ያስፋፉት ዘዴ ከጆሮ ኋላ በምትከፈት ትንሽ ቀዳዳ ገብቶ የደም ሥሩን ከነርቩ ማራቅና በመካከላቸው ትንሽ ስፖንጅ መሰል ነገር ማስቀመጥ ነው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከ10 ዓመት በኋላ ከአሥር ታካሚዎች ሰባቱ ያህል ያለ መድኃኒት ከሕመም ነፃ ነበሩ። ትልቅ ቀዶ ሕክምና ለማይችሉ በጉንጭ በኩል በሚገባ መርፌ ነርቩን በሙቀት፣ በግሊሰሮል ወይም በፊኛ ማደንዘዝ፣ እንዲሁም ጋማ ናይፍ የሚባለው የጨረር ሕክምና አሉ። እነዚህ ፊት ላይ ድንዛዜ ሊያስከትሉ፣ ሕመሙም ከዓመታት በኋላ ሊመለስ ይችላል።

በአገራችን የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2006 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ወዲህ የባለሙያዎች ቁጥር እያደገ ነው። ስለዚህ “ለዚህ የሚሆን ሐኪም እዚህ የለም” ብሎ ውጭ አገር ለመሄድ ቤት ከመሸጥ በፊት፣ መጀመሪያ የነርቭ ሐኪምን ማማከር ተገቢ ነው።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

እኛ በስሕተት የተማርነውን እነሆ፦

• እመኑት። “አበዛኸው” የሚለው ቃል ከሕመሙ ይልቅ ይቆያል። ፊቱ ደህና መምሰሉ ሕመሙ አለመኖሩን አያሳይም።
• ማስታወሻ ያዙ። ሕመሙ መቼ፣ ስንት ሰከንድ፣ በየት በኩል፣ ምን ሲነካው እንደመጣ የተጻፈበት ደብተር ለሐኪሙ ብዙ ይጠቅማል።
• ለብ ያለ ውኃ፣ ለስላሳ ምግብ፣ ከነፋስ የሚከልል ሻርፕ አዘጋጁ። እናቴ ጸበል መሄዷን አላቆመችም፤ አሁን ትጠጣዋለች እንጂ ፊቷን አታስነካም። መድኃኒቷንም አብራ ትወስዳለች።
• ሲይዘው አታናግሩት፣ አትንኩት፣ አትክበቡት። እስኪያልፍ አጠገቡ ዝም ብሎ መቀመጥ ይበቃል።
• ለዘመድና ለማኅበር ወዳጅ እናንተ ንገሩለት። ታማሚው ለሁሉ ሰው ለማስረዳት አፉን መክፈት ራሱ ሕመም ነው።
• ተስፋ መቁረጡን በቁም ነገር ውሰዱት። ድንገት የሚመጣ ሕመምን ሁልጊዜ መጠበቅ ሰውን ወደ ድብርት ይከታል። “መሞት ይሻለኛል” ካለ ንግግር ብቻ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ብቻውን አትተዉት፣ ለሐኪሙም ወዲያው ንገሩ።

መስከረም 27

በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 27 አካባቢ፣ ዓለም አቀፍ የትራይጀሚናል ኒውራልጂያ ግንዛቤ ቀን ይከበራል። የቀኑ መለያ ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ቀለም ነው። በሽታውን በአደባባይ ከተናገሩ ታዋቂ ሰዎች አንዱ የሕንድ ፊልም ወዳጆች ሁሉ የሚያውቁት ሳልማን ካን ነው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ለሕክምና ወደ አሜሪካ ሄዶ ነበር። እናቴ ይህን ስትሰማ “እንደዚያ ጡንቻ ያለውም?” ብላ ሳቀች። ሳቅም ያማት እንደነበር ያስታወስኩት ከሳቀች በኋላ ነው።

ግንዛቤ ማለት ግን የግድ ሰልፍና ቲሸርት አይደለም። በእናቴ ማኅበር ውስጥ አንዲት እናት “እኔንም እኮ ጥርሴን ሁለት ነቅለውኛል” ብለው የነርቭ ሐኪም ዘንድ የሄዱት እናቴ ቡና ላይ ታሪኳን ስለተናገረች ነው።

እናቴ አሁን 63 ዓመቷ ነው። ሙሉ በሙሉ አልዳነችም። በጥቅምትና በኅዳር ነፋስ አልፎ አልፎ ይነዝራታል፤ የመድኃኒቱ መጠንም አንዳንዴ ከፍ፣ አንዳንዴ ዝቅ ይላል። ለቅሶ ግን ትደርሳለች። የሚያውቋት ሰዎች ትከሻዋን ነክተው፣ እጇን ጨብጠው ሰላም ይሏታል።

ልጄ ሰባት ዓመት ሆኖታል። በዘንድሮው እንቁጣጣሽ ሥዕሉን ይዞ አያቱ ፊት ቆመና “እማማ፣ ዛሬ የቱ ነው?” ብሎ ጠየቃት። እናቴ ግራ ጉንጯን ሰጠችው። ሦስት ጊዜ ሳማት፤ ሦስቱንም እዚያው ላይ።